የዶርም ጓደኛዬ በሽተኛ ከሞተባት ወዲህ ልክ አይደለችም፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት፣ ደሴ ነው የምንማረው ነርሲንግ 3ኛ ዓመት። ሜዲካል ዋርድ አታች (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ሆነን የዶርም ጓደኛዬ የያዘቻቸው እናት ሞቱባት፣ ጠዋት ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ ሙቀት ምናምን) ስትወስድላቸው ሲመርቋት ነበር ከሰዓት አረፉ። ሲኒየሯ ነርስ "ገና ስንቱን ታያለሽ ልመጂው" ብላት ሄደች በቃ። ከዛ ወዲህ ምግብ የለ እንቅልፍ የለ፣ ካኑላ (ደም ስር ላይ የሚገባውን ቱቦ) ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠይቃት ደህና ነኝ ነው መልሷ። ለቤተሰቦቿ ልደውል እንዳልል ነገ መጥተው ትምህርቱን አስትተው ጠበል ነው የሚወስዷት። እስኪ የምታውቁ

ሲስተር ከኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ። ተማሪ በሽተኛ ሲሞትበት ሀዘኑ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ "ፕሬዠሩን ደግሜ ለክቼ ቢሆን ኖሮ" እያለ ራሱን ነው የሚከሰው። እኔ ጋ የተመደበች ልጅ እንዲህ ሲገጥማት ሻይ ይዘን እንቀመጥና ቻርቱን ገልጬ በሽታው የት ደርሶ እንደነበር፣ ምን እንደተሰጣቸው፣ የሷ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አሳያታለሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም እኮ ግን ማን ያደርገዋል። ከአስተማሪዎቻችሁ የሚቀርባችሁን አንዱን ይሄንኑ እንዲያደርግላት ለምኑት

የድሮ ተመራቂ፦ እኛንም ማንም አላባበለንም ተምረን ወጣን። ነርስ ሆዷ ከባባ ምን ልትሰራ ነው

ሲስተር ከኮምቦልቻ፦ @የድሮ ተመራቂ ለዛ ነዋ አስታማሚ ላይ ስትጮሁ የምትውሉት 😂

ሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርስ፦ ወደ ቁምነገሩ። ሀዘን በራሱ በሽታ አይደለም፣ ግን መከፋቱ ወይ ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ አብሮ ከጠፋ፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለባት። ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድብርት መለኪያ ዘጠኝ ጥያቄ በአማርኛም አለ፣ ከ27 ነው የሚታሰበው፣ 10 እና ከዛ በላይ ከመጣ ባለሙያ ይያት። ሌላው ደግሞ "መሞት ያስመኝሻል ወይ፣ ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ" ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ጠይቂያት፣ መጠየቁ ሀሳቡን አያመጣባትም፣ ብዙ ሰው ሚፈራው በከንቱ ነው። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት የዛኑ ቀን ኢመርጀንሲ ውሰጃት፣ ያኔ ለቤተሰብ ልደውል አልደውል የሚባል ነገር የለም።
ጠበሉም ዱዓውም ይሁን ማንም አይከለክልም፣ መድኃኒት ከታዘዘላት ግን አብሮ ይሄዳል እንጂ ይቋረጥ አይባልም፣ የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው ሱስም አያሲዝም። ለጥናት ብላ ጫት ወይ ማታ ማታ ቡና ከጀመረች እሱንም አስተያት እንቅልፉን የሚጨርሰው እሱ ነው።
አንድ ነገር ደግሞ፣ አሁን የምትማሩት ልጆች በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ገና ሃይስኩል ነበራችሁ። ተሰዶ ሰው የቀበረ ልጅ ዋርድ ላይ ሞት ሲያይ የድሮውም አብሮ ሊነሳበት ይችላል፣ ካወራችሽ ዝም ብለሽ ስሚያት

ጠያቂ፦ ወላሂ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ማታ ጠየኳት፣ ራሴን አልጎዳም ግን ደክሞኛል አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሐሙስ ክላስ የለንም ለመታየት እሄዳለሁ ብላለች ግን ዋርድ ላይ የሚያውቁን ሰዎች እንዳያዩን ነው የፈራችው

ሳይካትሪ ነርስ፦ ደሴ ሪፈራል ካፈረች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሳይካትሪ አለ፣ ታክሲ ይዛችሁ ውጡ። መጀመሪያ የተማሪ ክሊኒክ ሪፈር ይጽፉላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ በጠዋት ድረሱ ካርድ ክፍል ሰልፍ አለው