ኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ምን ይሻላል?

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ መንዝ)፦ ሰላም ቤቶች። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጠ። የኔ ተማሪዎች ግን ማውስ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አሮጌ ዴስክቶፖች አሉን፤ ኔትወርክ የለም። የከተማው ልጅ ኤአይ እየጠየቀ ሲያጠና የኔዎቹ በምን ይወዳደሩ?

መልስ 1፦ መምህር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የትምህርት ሶፍትዌር ኮሊብሪን ይሞክሩት፤ ነፃ ነው። ከተማ ሲወርዱ የነፃ ትምህርት ድረ ገጹን የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ አውርደው በሃርድ ዲስክ ይዘው ይመለሱ። አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨር (ትምህርቱን ለሌሎቹ የሚያከፋፍል) ይሆናል፣ ሌሎቹ በራውተር ይገናኛሉ። ካርድ አይበላም።

መልስ 2፦ ለፊዚክስማ ኪዊክስ (ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍት ፕሮግራም) ላይ የፌት ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች አሉልዎት። ልጆቹ ሽቦ እየቀጠሉ አምፖል ያበራሉ፤ ባትሪ ሲጨምሩ ብርሃኑ ሲደምቅ ያያሉ። ላብ ለሌለው ሰው ጠበል ነው! ብቻ ማውሱን ወንዶቹ እንዳይነጥቁ ለሴቶቹ ተራ ያውጡ።

መልስ 3፦ ሶፍትዌሩ አይከብድም። መብራቱስ? መብራት ሲጠፋ ይቋረጥ የነበረውን የፕላዝማ ቲቪ ትምህርት ረሳችሁት እንዴ?

ጠያቂው፦ ኧረ በፕላዝማ ነው የተማርኩት! የቲቪዋ መምህርት ጠይቃ፣ እኛ ጥያቄው ሳይገባን ራሷ መልሳ ታልፋለች። አቁሚ አይባል ነገር። የኮሊብሪው ቪዲዮ ቢያንስ ወደኋላ ይመለሳል። ለመብራቱ ላፕቶፕ ሰርቨር ላድርግ። ያገለገለ ራውተር ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።