የግድግዳ ሥዕል መጽሐፍ፣ 40 ኮፒ ብቻ፦ ሐዋሳ ላይ እንዴት ይታተም?

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከተማው ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሠሩ የስፕሬይ ሥዕሎችን ፎቶ ሰብስበን ትንሽ መጽሐፍ ልናወጣ ነው። መጠኑ ኤ5፣ ከሽፋኑ ውጪ 32 ገጽ፣ 40 ኮፒ። ማተሚያ ቤቶች «ከ500 በታች አያዋጣም» ይሉናል። በከለር ሌዘር ይሆናል? ወረቀቱ ስንት ግራም ይሁን? ጥራዙን ራሳችን ብንሠራውስ? አዲስ አበባ መላክ አንፈልግም።

ቀለም ቀቢ፦
ማተሚያ ቤቶቹ እውነታቸውን ነው። ኦፍሴት (የትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ማሽን) ላይ ገንዘቡን የሚበላው ፕሌቱ (ምስሉ የሚቀረጽበት የብረት ሰሌዳ) እና የማሽን ማስተካከያው ስለሆነ 40ም አተማችሁ 500 ወጪው ብዙ አይራራቅም። ለእናንተ ሌዘር ነው። 32 ገጽ ማለት 8 ኤ4 ወረቀት በሁለት ፊት ነው፤ ለ40 ኮፒ 320 ወረቀት። የሚበላሸውም ተጨምሮ ባለ 500 አንድ እሽግ ይበቃል። 80 ግራም እንዳትገዙ፣ ጥቁር የበዛበት ሥዕል ከጀርባ ያሳያል። ለውስጡ ከ100 እስከ 120፣ ለሽፋኑ ከ200 እስከ 250 ግራም ይሁን።

ሌዘር የወረቀቱን ጠርዝ 5 ሚሊ ያህል ነጭ ይተዋል። ሥዕሉ እስከ ጠርዝ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ መጽሐፉን ከታተመ በኋላ ወደ 14 በ20 ሴንቲ አስከርክሙት። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትለዋወጡ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል፤ ያ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 11 ሴንቲ እንኳ አይሞላም። ፍሎረሰንት ሮዝና ብርማ ስፕሬይ በሌዘር ደብዝዞ እንደሚወጣም ካሁኑ እወቁት፣ ባለሙያው ላይ አትጩኹ።

መርፌና ክር፦
ስለ ጥራዙ። ስታሳትሙ ሁለቱ ፊት «በአጭሩ ጎን» እንዲገለበጥ ምረጡ፣ አለበለዚያ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። የገጹን ቅደም ተከተል ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 33 ይመጣሉ (32 እና 1፣ 2 እና 31...)። 34 ካያችሁ አቁሙ።

ስምንቱ ወረቀት አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲታጠፍ የመሃሉ ወደ 1 ሚሊ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ጽሑፍና ፊርማ ከሚከረከመው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ይራቅ፤ የምትከረክሙትም ከሰፋችሁ በኋላ ነው።

ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ጋ አይደርስም። እኔ ክር እመርጣለሁ። እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፣ ክሩን ጧፍ ላይ ሁለት ሦስቴ ጎትቱት፤ ሰሙ እንዳይላላ ይይዘዋል። መርፌውን ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ አውጡ፣ በላይኛው አስገቡ፣ የመሃሉን ዘላችሁ በታችኛው አውጡና በመሃሉ መልሳችሁ አስገቡ። ሁለቱ ጫፎች ከረጅሙ ክር ግራና ቀኝ ሆነው ይታሰሩ።

ሽፋኑ እጥፋቱ ላይ የሚሰነጠቀው የወረቀቱ ጭረት (ቃጫዎቹ የተኙበት አቅጣጫ) ከእጥፋቱ ጋር ሲሻገር ነው። የሽፋኑን ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ ለማጠፍ ሞክሩ፣ በቀላሉ የሚታጠፍበት መስመር የሽፋኑ እጥፋት ይሁን። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ አስምራችሁ እጠፉ። እጥፋቱ ላይ ጥቁር ቀለም አትጫኑ፤ ቶነር (የሌዘር ዱቄት ቀለም) ሲታጠፍ ይፈረፈራል።

ሪሶ ወዳጅ፦
ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበትን ሪሶ ማሽን የሚያስነካችሁ ካለ ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጉት፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከሌዘር የበለጠ ያምራል። ግን ለእያንዳንዱ ፊት አንድ ማስተር (ማሽኑ ምስሉን የሚቀርጽበት ስስ ወረቀት) ስለሚበላ 16 ማስተር ነው፤ 40 ኮፒ ላይ አያዋጣም፣ ከ100 በላይ ካሰባችሁ ነው። ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ሁለተኛውን ፊት በማግሥቱ አትሙ። አንጸባራቂ ወረቀት ላይማ ጭራሽ አይሞከርም።

የአቶቴ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። 40 ላይ እንቆያለን፣ ሌዘር ይሁን። የግድግዳዎቹ ባለቤቶች ፈቅደውልናል፣ ያ ይበቃል?

ቀለም ቀቢ፦
አይበቃም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ በመሠረቱ የሠዓሊው ነው እንጂ የግድግዳው ባለቤት አይደለም። ከእያንዳንዱ ሠዓሊ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፦ የትኛው ሥዕል፣ ስንት ኮፒ፣ በየትኛው ስም። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የመታወቂያ ስማቸውን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የጻፉትን ነው፣ ስለዚህ ፊደሉን እነሱው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።