ለአዲስ ረዳት አብራሪ 1,500 ሰዓት ይበዛበታል?

አወያይ፦ በአሜሪካ ክልላዊ አየር መንገዶች ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። እስከ 2013 ድረስ 250 ሰዓትና የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ይበቃ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ክልላዊ አየር መንገዶቹ አብራሪ አጣን፣ ይቀነስልን ይላሉ። ትልቁ የአብራሪዎች ማኅበር ንክች እንዳታደርጉት ባይ ነው። እናንተስ?

መስኮት ዳር፦ ይህ ምኑ ያከራክራል? ነፍሴን ነው አምኜ የምሰጠው። ሕጉም ሰው አልቆ የመጣ ነው። በየካቲት 2009 ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን መኖሪያ ቤት ላይ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። አንዱ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነበር። የሟች ቤተሰቦች ኮንግረሱ ደጃፍ ተመላልሰው በ2010 ሕጉን አስወጡ።

የሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ ማሽን) ሰው፦ ሐዘኑ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ካፒቴኑ ከ3,300፣ ረዳቷ ከ2,200 በላይ ሰዓት ነበራቸው። ሕጉ ያኔ ቢኖር ሁለቱንም ያሳልፋቸው ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ። ለማረፍ ሲቃረቡ ፍጥነታቸው ወረደ፣ ልብ አላሉትም። ከዚያ በፊት የግል ወሬ ይዘው ነበር። መሪው በእጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ክንፉ አየሩን ሊለቅ ስለሆነ አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፣ ጉልበት ጨምር ማለት ነው። ካፒቴኑ ግን መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። ረዳቷ ደግሞ ሳትጠየቅ በዝግታ ሲበሩ ክንፉን የሚያግዘውን ተዘርጊ ክፍል፣ ፍላፑን፣ መለሰችው። በሰከንዶች ውስጥ አለቀ። ይህ የሥልጠና ጉድለት ነው እንጂ የሰዓት ማነስ አይደለም።

አስተማሪ አብራሪ፦ እኔ አሁን ያንን 1,500 እየሞላሁ ነው። በባለ አንድ ሞተር ሴስና፣ ከተማሪ ጋር፣ አንድ ማኮብኮቢያ ዙሪያ ስሽከረከር እውላለሁ። ጓደኛዬ የማስታወቂያ ጨርቅ እየጎተተ የባሕሩን ጠረፍ ይመላለሳል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በረዶ የለ፣ ጄት የለ፣ አጠገባችን ካፒቴን የለ። እርግጥ ማስተማር ብዙ አስተምሮኛል። ግን ከሆነ ጊዜ በኋላ ሰዓቱ ይጨምራል እንጂ ችሎታው እዚያው ነው።

የድሮ ካፒቴን፦ ልጄ፣ ድግግሞሹን አትናቀው። ተማሪህ ሊያርፍ ሲል ሲሳሳት መቼ እጅህን እንደምትሰድ ትወስናለህ። ረዳት አብራሪ ከኔ የሚማር ተለማማጅ አይደለም፤ ስሳሳት «ካፒቴን፣ ተው!» የሚለኝ ሰው ነው። ብቻውን ወስኖ የማያውቅ ልጅ ያንን አይለኝም። ሞተሮቹ የጠፉበትን አውሮፕላን ኒውዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፈው ካፒቴን ሳለንበርገርም ሰዓቱ እንዲቀነስ አይፈልግም።

የሲሙሌተር ሰው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን 200 ገደማ ሰዓት ይዘው ኤርባስ ላይ ረዳት ሆነው ይጀምራሉ። በየጊዜው ሲወድቁ አላየንም።

መስኮት ዳር፦ አትላንቲክ ላይ የወደቀው ኤር ፍራንስ 447ስ? በዚያው በ2009፣ 228 ሰው! እዚያም መሪውን ሳቡት።

የሲሙሌተር ሰው፦ እሱማ የኔ ምስክር ነው። ይስብ የነበረው ረዳት 2,900 ሰዓት ገደማ ነበረው።

ተማሪ፦ ስለ ፍትሑ ማንም አላነሳም። ከወታደር ቤት የመጣ በ750 ይገባል። የአቪዬሽን ዲግሪ ያለው በ1,000፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የጨረሰ በ1,250። ዩኒቨርሲቲ መክፈል ያልቻለው ሙሉውን 1,500 ይቆጥራል። የመማሪያ ክፍል 500 ሰዓት ከተካ ጥሩ ሲሙሌተር ለምን አይተካም?

የድሮ ካፒቴን፦ ክልላዊው አየር መንገድ ሪፐብሊክ ኤርዌይስ በ2022 ለራሱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 750 ይፈቀድልኝ ብሎ ነበር። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ እምቢ አለ። ኮንግረሱም በ2024 ሕጉን ሲያድስ 1,500ን አልነካም። ደግ አደረጉ! አብራሪ ሲጠፋ በ2022 ደመወዝ ጨመሩ አይደል? ገንዘቡ ነበር ማለት ነው። ያቺ የቡፋሎዋ ረዳት እኮ ከሲያትል ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተጉዛ ነው ሥራ የገባችው።

አስተማሪ አብራሪ፦ ለድካሙ ለብቻው መልስ ተሰጥቶታል፤ ከ2014 ጀምሮ ከበረራ በፊት 10 ሰዓት እረፍት ግዴታ ነው። ከቡፋሎ ወዲህ ለመጣው ደህንነት ምስጋናውን ሁሉ ለ1,500 አንስጠው።

አወያይ፦ የሲሙሌተር ሰው፣ እስቲ ቁጥር ጥራ።

የሲሙሌተር ሰው፦ 750። ግን ሙሉ የስቶል፣ ማለትም ክንፉ አየሩን ሲለቅ የሚደረገውን፣ ሥልጠና ወስዶ፣ በሁለት ሰው ኮክፒት ተፈትኖ ያለፈ ብቻ።

መስኮት ዳር፦ ፈታኙ ማነው? አብራሪ የቸገረው አየር መንገድ ራሱ?

የሲሙሌተር ሰው፦ እዚህ ላይ ያዝከኝ። ከአየር መንገዱ ደመወዝ የማይበላ ፈታኝ ካልተገኘ እኔም ለጊዜው 1,500ን አልነካም። ሰዓት ጅል መለኪያ ነው፤ ግን ሥራ አስኪያጅ ደውሎ አያስጨምረውም።

ተማሪ፦ ፈታኙ እስኪገኝ ደግሞ እኔ ልቁጠር ማለት ነው።