ሆስቴል ውስጥ ሰው መተዋወቅ አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ብቻዬን ነው የምጓዘው። ሰው ልተዋወቅ ብዬ የጋራ መኝታ ክፍል ያለው ሆስቴል ያዝኩ። ግን ተደራራቢ አልጋዎቹ መጋረጃ አላቸው፤ ሁሉም ገብቶ ይዘጋል። ሳሎን ውስጥም አብዛኛው ሰው ማዳመጫ ሰክቶ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። "ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ?" እንባባላለን፤ ከዚያ ወሬው ያልቃል።

የጋራ ማእድ ቤቱ ይሻላል። ምግብ የሚያበስል ሰው አይቸኩልም፤ ጨው መጠየቅ ብቻ ወሬ ያስጀምራል። ችግሩ፣ ማታ የሚገቡት ቀድመው የተቧደኑ ናቸው። እየሳቁ ሲበሉ መሃላቸው መቀመጥ ይከብደኛል፤ የማስቸግራቸው ይመስለኛል።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው? ሆስቴሉ የሚያዘጋጀው የእግር ጉብኝት ላይ ብመዘገብ ይሻላል ወይስ ራሴ "ነገ አብረን እንውጣ" ልበላቸው? ሞክራችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ።