ባክአፑ 2 ጊጋባይት ላይ እየቆመ አስቸገረኝ፤ ጥፋቱ የሼሩ ነው?

የማታ ባክአፕ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ አከፋፋይ ድርጅት አይቲ ነኝ፤ ክፍሉ እኔው ብቻዬን ነኝ። የሒሳብ ዳታቤዙ ያለው አንድ አሮጌ የሊኑክስ ማሽን ላይ ነው። ማታ ማታ 5 ሰዓት ላይ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ይነሳና ዳታውን እያወጣ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ በሲ ቋንቋ ለጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ጨምቆ በኤንኤፍኤስ ሼር (የሌላ ማሽን ፎልደር በኔትወርክ የሚከፍትልን) ወደ ፋይል ሰርቨሩ ይጽፋል። 6 ዓመት ሙሉ ሲሠራ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ትናንት አንድ ነገር ልመልስ ብዬ ፋይሉን ስፈታው መጨረሻው የለም። ተቆርጧል። ፕሮግራሙን በእጄ ሳስነሳው ደግሞ «ፋይል ቱ ላርጅ» (ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው) ብሎ ቀጥ አለ። እኔ የጠረጠርኩት ሼሩን ነው። ከየት ልጀምር?

ኬብል ጎታች
ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን። ሰርቨሩ ላይ ዲኤፍ ብለሽ እይ። እኔን አንድ ሳምንት ያለፋኝ እሱ ነው።

የማታ ባክአፕ
አይቻለሁ፣ 640 ጊጋ ባዶ አለው። ኮታም አልተደረገበትም።

ሼል ወዳድ
ዲስክ ቢሞላ መልእክቱ ሌላ ነው፤ ቦታ የለም ነበር የሚልሽ። ማውንቱን (ሼሩ ከማሽኑ ጋር የተያያዘበትን) ሶፍት አድርጊውና ሞክሪ። ኔትወርኩ ሲንገዳገድ ሃርድ ማውንት (ሰርቨሩ እስኪመልስ የሚጠብቀው) ያንቃል።

ጋሽ ተርሚናል
ኧረ ተው ወንድሜ! ባክአፕ በሚጻፍበት ሼር ላይ ሶፍት አይደረግም። ሰርቨሩ ትንሽ ከዘገየ ሶፍት ማውንት ተስፋ ቆርጦ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። ፕሮግራሙ ያንን ካላየ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ አንቺም ደህና ነው ብለሽ ትተኛለሽ። ሃርዱን እንዳትነኪው።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ፋይሉ የቆመው ስንት ባይት ላይ ነው? «2 ጊጋ አካባቢ» አትበይኝ፤ ቁጥሩን ከነጭራሹ ጻፊልኝ።

የማታ ባክአፕ
እስካሁን የማየው በኤልኤስ (ፋይል በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ላይ መጠኑን የሚያሳጥረውን ኤችን ጨምሬ ስለነበር ሁሉም «2.0ጂ» ነው የሚለው። ኤችን አውጥቼ ሳየው 2,147,483,647። የሰኞው እሱ፣ የማክሰኞው እሱ፣ የረቡዑም እሱ። ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ያሉት ሁሉ ያው ናቸው። አሁን ነው የደነገጥኩት።

ጋሽ ተርሚናል
አይዞሽ። ቁጥሩ ራሱ እየመሰከረ ነው። ኔትወርክ ቢበላሽ አንድ ቀን 1.3 ላይ፣ ሌላ ቀን 1.9 ላይ ነበር የሚቆመው። በየቀኑ እዚያው ባይት ላይ ከቆመ አንድ ቦታ ላይ ቆጣሪ ሞልቷል ማለት ነው። 32 ቢት ይዘሽ አንዱን ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ስትሰጪ የሚቀርሽ 31 ነው። 31 ቢት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ደግሞ ይኸው ያንቺው ነው። ዳታችሁ በየዓመቱ ሲያድግ ቆይቶ ጥር ላይ ጣሪያውን ነካ።

ቆጣሪው ሊኖር የሚችለው ሦስት ቦታ ነው፦ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ፣ ኤንኤፍኤሱ ላይ፣ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ። ኤንኤፍኤስ ቨርዥን 2 የፋይል አድራሻን በ32 ቢት ነው የሚቆጥረው፤ ከ2 ጊጋ በላይ አያሻግርሽም። ቨርዥን 3 በ1995 ሲወጣ 64 ቢት ሆነ። የትኛው እንደሆነ አሮጌው ማሽን ላይ «ኤንኤፍኤስስታት» ከኤም ጋር ብለሽ እይ።

ከዚያ በዲዲ (ዳታ በሚገለብጠው ትእዛዝ) ለያያቸው። 3 ጊጋ ላይ ዘልሎ አንድ ባይት ብቻ የሚጽፍ ትእዛዝ ስጪው፤ ባዶ ቦታ ስለሚዘል በቅጽበት ያልቃል። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ገብተሽ፣ ቀጥሎ ከአሮጌው ማሽን በሼሩ በኩል።

ኬብል ጎታች
ዩሊሚትስ? የፋይል መጠን ገደብ ተደርጎበት ቢሆንስ?

ጋሽ ተርሚናል
ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ቢሆን ግን ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ በሲግናል ይገደላል፤ የሚወጣውም «ፋይል ሳይዝ ሊሚት ኤክሲድድ» የሚል ነው። ደግሞ በእጅሽ የምታዪው ገደብና ክሮን ውስጥ ያለው ሊለያዩ ይችላሉ። ታየው፣ ከዚያ ትለፈው።

የማታ ባክአፕ
ውጤቱ ይኸው፦ ቨርዥኑ 3 ነው። ሰርቨሩ ላይ 3 ጊጋው ተጻፈ። በሼሩ በኩልም ተጻፈ! ገደብ የለም፣ ክሮን ውስጥም አስጽፌ አየሁ፣ «አንሊሚትድ» ነው። ሼሩን በከንቱ ነው ያማሁት ማለት ነው?

ጋሽ ተርሚናል
ነጻ ነው። «ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ በፕሮግራሙ ላይ አሂጂው፤ 32-ቢት ይልሻል። በ32 ቢት ማሽን ላይ፣ ትልቅ ፋይል እንዲችል ተነግሮት ካልተኮምፓየለ (ከኮድ ወደ ፕሮግራም ካልተቀየረ) በስተቀር፣ 2 ጊጋ ላይ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ራሱ ይከለክለዋል። ዲዲ ግን እንዲችል ሆኖ ስለተሠራ አለፈ። ምንጭ ኮዱ አለ?

የማታ ባክአፕ
እንዳሉት 32-ቢት ነው ጋሼ። ኮዱ የልጁ ሆም ፎልደር ውስጥ ተገኘ። አንድ ፋይል፣ 200 መስመር ገደማ።

ሼል ወዳድ
እንግዲያው ቀላል ነው። ስትኮምፓይይው ፋይል ኦፍሴት ቢትስ የሚባለውን ማክሮ (ቃላቱ በስር መስመር የተያያዙ ናቸው፣ ፊቱም ላይ አንድ አለ) 64 አድርጊው። ግን ኮዱን ሳታነቢ አትመኚው። መጠኑን በኢንት ወይም በሎንግ (እዚህ ማሽን ላይ 32 ቢት ብቻ በሆኑ የቁጥር ዓይነቶች) የሚይዝ ቦታ ካለ ኦፍቲ አድርጊው። ፋይል ውስጥ ቦታ የሚቀይሩትና የሚናገሩት ኤፍሲክና ኤፍቴልም ሎንግ ነው የሚያውቁት፤ በኤፍሲኮና በኤፍቴሎ ለውጫቸው።

ለዛሬ ማታ ግን ፕሮግራሙን ተዪውና ዳታውን ወደ ጂዚፕ (መጭመቂያው)፣ ከዚያ ወደ ስፕሊት (ቆራጩ) በፓይፕ፣ የአንዱን ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው፣ ስጪው። አንድ አንድ ጊጋ እየቆረጠ ይጽፍልሻል። ስትመልሺ በካት ትገጥሚዋለሽ። (ስለ ሶፍቱ ጋሼ ልክ ናቸው፤ እኔ ቪዲዮ ማያ ሼር ላይ ነበር የለመድኩት።)

ፖርት 9
በዚሁ ለሚመጡ ሰዎች፦ ፋይሉ የቆመው 4,294,967,295 ላይ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የተሰካው ዲስክ ፋት32 (አሮጌ የዲስክ ፎርማት) ነው። በኤክስቲ4 ወይም በሌላ ፎርማት አድርጉት፤ በፊት ግን ውስጡ ያለውን አውጡ። ጭራሽ ስህተት ሳይል ድርቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። እኛ ዘንድ ዝርዝሩ ይታያል፣ ትንንሽ ፋይል ይከፈታል፣ ትልቁ ሲነካ ሁሉም ፀጥ። ሰርቨሩ ኤምቲዩው (በአንዴ የሚላከው ፓኬት ትልቁ መጠን) 9000፣ መሃል ያለው ስዊች 1500 ነበር። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክላችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ፤ ካላለፈ እሱ ነው።

የማታ ባክአፕ
ሁለቱንም አደረግኩ። ሰኞ ማታ በስፕሊት አለፈ፤ ሦስት ቁራጭ። ትናንት ኮዱን አስተካክዬ ኮምፓይል አደረግኩት (ኤፍቴል አንድ ቦታ ነበር፣ መጠኑንም በኢንት ይዞት አገኘሁ)። ዛሬ ጠዋት ያለው ፋይል 2,318,604,113 ባይት ነው። ቢሮ ባለው ትርፍ ላፕቶፕ ላይ መልሼ የመጨረሻውን ደረሰኝ ፈለግኩ፤ አለ፣ የትናንት ከሰዓቱ ነው።

ለምን እንዳላወቅንም ገባኝ። የክሮኑ መስመር መጨረሻ ላይ ስህተቱን ሁሉ ወደ ዴቭ ነል (የገባበትን ሁሉ የሚያጠፋ) የሚጥል አለ። ፕሮግራሙ በየሌሊቱ ሲጮህ ነው የከረመው። አወጣሁትና ወደ ኢሜይሌ አዞርኩት።

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ከጥር ጀምሮ ባክአፑ ተቆርጦ እንደነበር ለአለቃዬ ገና አልነገርኩም፤ ከምሳ በኋላ እገባለሁ።