አባቴ መናገር አቅቷቸው ዜማ ሲያወርዱ፣ የሚያውቀው የቱ ነው?

የማራኪዋ፦ አባቴ እዚሁ ጎንደር አቋቋም (በከበሮና በመቋሚያ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ያስተምሩ ነበር። አምና ስትሮክ መታቸው። የግራው የአንጎል ክፍል ስለተጎዳ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ ንግግርም ጠፋ። ሲጠማቸው «ውሃ» ማለት ያቅታቸዋል። በቀደም የድሮ ተማሪያቸው መጥቶ ከበሮውን ሲመታ ግን መቋሚያውን በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ ትከሻቸውን እያወዛወዙ፣ ዜማውን ከነቃሉ አወረዱት። ሐኪሙ «የሚያጋጥም ነው፤ ዜማ የቀኙም አንጎል ሥራ ነው» አለኝ። እሺ። ግን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ አሳቢው ነፍስ ሌላ፣ ሥጋ ሌላ ነው ይላል። ታዲያ ዜማውን የሚያውቀው የቱ ነው? ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ሳይከፍል የሚያይ ፈላስፋ የለም?

የቀሓ ልጅ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። የቦሔሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥም በ1643 (እ.ኤ.አ.) ዴካርትን በደብዳቤ ወጥራ ይዛዋለች፤ ግዙፍ ያልሆነች ነፍስ ሥጋን እንዴት ታንቀሳቅሳለች ብላ። እኔ ብትሰሚኝ ፈረንሳዊውን ፈላስፋ መርሎ-ፖንቲን አንብቢ፣ የ1945ቱን (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን። ታይፒስት ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ መናገር ሊያቅታት ይችላል፤ ጣቶቿ ግን ያገኟቸዋል። ለእሱ ይህ ራሱ እውቀት ነው፤ ሰውነት የሚያውቀው።

የበአታ ተማሪ፦ እውነት ነው፤ አቋቋም ስንማር ከምሥጢሩ በፊት እግራችን ነው የሚገባው። መምህሩ ከኋላ ትከሻችንን ይዘው ያዘምሙን ነበር። የእኛ ሊቃውንት ግን ነፍስን አይተዉም። ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት፤ መሬት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ነፋስ የሥጋ፤ ማሰብ፣ መናገር፣ ሕያውነት የነፍስ። ተዋሕደው አንድ ሰው ናቸው። ሥጋም የሚጣል ልብስ አይደለም፣ ይነሣል።

የማራኪዋ፦ ወንድሜ፣ መናገር የነፍስ ከሆነ የአባቴ ነፍስ ጎደለች ልትለኝ ነው? መሣሪያው ነው የተበላሸው ካልከኝ ደግሞ ዞረህ ዴካርት ጋ ወሰድከኝ።

የበአታ ተማሪ፦ ጎደለች አልልም፣ በፍጹም። ጥያቄሽ ግን ከባድ ነው፤ መምህሬን እጠይቃለሁ።

የቀሓ ልጅ፦ አርስቶትል እዚህ ላይ ይረዳል። ነፍስ ታዝናለች፣ ትማራለች ከማለት ሰውዬው በነፍሱ ያዝናል፣ ይማራል ማለት ይሻላል ይላል። የሚናገረውም፣ የሚታመመውም ሰውዬው ነው። ደግሞ ንግግርን በዜማ የማለማመድ ሕክምና አለ፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት። ሐኪማቸውን ጠይቂ። እስከዚያው «ውሃ ስጡኝ»ን በሚወዱት ዜማ አውጪና መቋሚያውን አስይዘሽ አብራችሁ በሉት።