ዶሙን ስገጥም ፎቶው ይደበዝዛል፣ ጠፍጣፋውን ስመልስ ደህና ነው። ምኑን ነው የማጠፋው?

የታንኳ ወዳጅ (ባሕር ዳር)

እንዴት ሰነበታችሁ። ውጭ ያለው ወንድሜ ለገና ሲመጣ ያገለገለ የውሃ ውስጥ ሃውዚንግ (ካሜራውን ከውሃ የሚከልል ሣጥን) ይዞልኝ መጣ። ካሜራው የራሴ ነው፣ ሚረርለስ፣ አብሮት ከሚሸጠው ከ16-50 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር። ሃውዚንጉ ሁለት ፖርት (ሌንሱ የሚያይበት የፊት መስኮት) አለው፤ አንዱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው እንደ ኳስ ግማሽ የጎበጠ ባለ 6 ኢንች የአክሪሊክ ዶም።

የምመኘው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ግማሹ ከውሃ በላይ፣ ግማሹ ከውሃ በታች። ላይ ቀዛፊው፣ ታች የደንገል ታንኳው ሆድ ከነእስሩ። ታንኳን ከላይ ያላነሳ የለም፤ ከታች ያየው ግን ቀረሶና አምባዛ ብቻ ነው።

ዘጌ በኩል ሦስት ማለዳ ሞከርኩ። በጠፍጣፋው ጥርት ይላል፣ ግን ጠባብ ነው፣ ታንኳው ግማሹ እንኳ አይገባም። ዶሙን ስገጥም ይሰፋል፣ ከውሃ በታች ያለው ግን ሁሉም ጭጋግ ይሆናል። ከውሃ በላይ ያለው ደግሞ ጥርት ያለ ነው! አውቶፎከሱ ውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ስላስቸገረኝ፣ ዳር ቆሜ ራቅ ያለ ደሴት ላይ ፎከስ አድርጌ፣ ማኑዋል ላይ ቆልፌው ነው የምገባው። ሰፊ ሌንስ አይደል፣ ሁሉንም ይይዛል ብዬ። ዶሙ የተበላሸ ከሆነ ንገሩኝ፣ ወንድሜን ልቆጣው።

ጥቁር ክዳን

ወንድምህን ተወው። ያጠፋህ ደሴቱ ነው።

ዶም ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱ ሌንስ ይሆናል። ከውጭ ውሃ፣ ከውስጥ አየር ስላለ ካሜራህ የሚያየው ታንኳውን ሳይሆን ዶሙ ከፊቱ የሚሠራውን ምስል ነው፣ ያ ምስል ደግሞ የሚቀመጠው አፍንጫህ ሥር ነው። እጅግ ሩቅ ያለ ነገር እንኳ ምስሉ የሚያርፈው ከዶሙ ገጽ በግምት የራዲየሱን 3 እጥፍ ርቆ ነው። ዶምህ ሙሉ የኳስ ግማሽ ከሆነ ራዲየሱ 7.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ እና ውሃ ውስጥ ያለው ዓለም በሙሉ ለካሜራህ ከዶሙ በ22 ሴንቲሜትር ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጧል ማለት ነው። አንተ ደሴት ላይ ቆልፈህ ገባህ። የላይኛው ግማሽ አየር ስለሆነ ደሴቱ ደሴት ነው፣ እሱ ጥርት አለ።

ጠፍጣፋው ላይ ለምን አልተያዝክም? እዚያ ሩቅ ነገር ሩቅ ሆኖ ስለሚቀር ነው። ግን ዋጋ ያስከፍልሃል። ብርሃኑ ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር ሁሉም ነገር በሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ 16 ሚሊሜትር የነበረው ሌንስህ እንደ 21 ይሆናል። በዚያ ላይ ዳር ዳሩ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ዶሙ የተሠራው ይህንን ለማዳን ነው።

ስለዚህ አውቶፎከሱን መልሰው። ውሃ ውስጥ ከገባህ በኋላ ጥቁርና ነጭ የሚለይበት ነገር ፈልግ፣ የታንኳው ገመድ፣ የራስህ እጅ፣ ምንም ይሁን፣ እሱ ላይ ፎከስ አድርግና እዚያው ቆልፈው። ለግማሽ በግማሽ ፎቶ ሁልጊዜ ከውሃ በታች ያለው ላይ ነው ፎከስ የሚደረገው። የላይኛውን ግማሽ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ያድነዋል፣ ዝጋውና ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 አድርገው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ ቻለው።

ሌላም ነገር አለ። ዶሙ የሚሠራው ምስል እንደ ዶሙ ጎበጥ ያለ ስለሆነ መሃሉ ሲጠራ ማዕዘኖቹ ይደበዝዛሉ። አፐርቸር መዝጋቱ እዚህም ይረዳል። ብሶ ከታየህ ሌንሱ ከዶሙ ጋር አልተገጣጠመም ማለት ነው፤ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ነጥብ ዶሙ እንደ ሙሉ ኳስ ቢሆን መሃሉ ላይ መዋል አለበት፣ ለዚያ ነው ማራዘሚያ ቀለበት የሚሸጡት። አሁን ግን ገንዘብህን አታውጣ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሳፋ ውሃ ሙላና የተጻፈበት ነገር ውስጡ አስቀምጠህ ሞክረው።

የዘንገና ዳር

ጥቁር ክዳን ሁሉን ተናግሮታል፣ እኔ ስለ ጠብታው ልጨምር። በእንዲህ ያለ ፎቶ ፎከስ ከሚያበላሸው ጠብታ የሚያበላሸው ይበልጣል።

የላይኛው የዶም ግማሽ ላይ አንዲት ጠብታ ከቀረች የቀዛፊው ፊት ላይ ነው የምታርፈው፣ ሁልጊዜ! እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከመግባቴ በፊት ዶሙን በምራቄ እቀባዋለሁ (አትሳቁ፣ ይሠራል)፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እነክረዋለሁ፣ ከፍ አድርጌ ውሃው ተንሸራቶ ሲወርድ ወደ ጠብታ ሳይለወጥ ቶሎ ቶሎ ፎቶ አነሳለሁ። ደግሜ እነክራለሁ። ደረቅ ዶም ይዘህ እንዳትጠብቅ።

የአክሪሊክ ዶም ቶሎ ይጫራል። የእኔን ዘንገና ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ አሳርፌው ጉድ ሆኛለሁ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭረቱ አይታይም፣ ውሃው ይሞላውና ይሰወራል፣ ከውሃ በላይ ባለው ግማሽ ላይ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ቁልጭ ይላል። ደግነቱ አክሪሊክ ይወለወላል፤ መስታወት ቢሆን ኖሮ ቀልድ የለም። ዶሙ ውስጥ ያለው አየር ካሜራውን ወደ ላይ እየገፋ ያስቸግርሃል፣ እጅህ ይዝላል፣ እሱንም ልመደው።

እዚህ ውሃው ከጣና ይጠራል። ግን ዳሩ ወዲያው ገደል ነው፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው ይባላል፣ ዋና ካልቻልክ ከዳር አትራቅ። ለልምምድ ከመጣህ ቡና አለ።

አዲስ ገቢ 7

ይቅርታ ላቋርጥና፣ በጎፕሮ ላይ የሚገጠመው ትልቁ ዶም ይሠራል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ጥቁር ክዳን

ይሠራል። የጎፕሮ ሌንስ ትንሽ ስለሆነ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉንም ይይዛል፣ የፎከስ ጣጣ የለብህም። ጠብታው ግን ያው ጠብታ ነው።

አያ ጉማራ

ልጆቼ፣ መሣሪያውን ጨርሳችሁታል፣ ስለ ውሃው ግን የተናገረ የለም።

የቀይ ባሕር ፎቶ አይታችሁ ጣና እንዲያ ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። በጋም ቢሆን ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ታቹ ይታመሳል። ማለዳ ግባ፣ ንፋሱ ሳይቀሰቀስ።

ዋናው ነገር መቅረብ ነው። ሰፊ ሌንስ የሚፈለገው ብዙ ለማስገባት ብቻ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ተጠግተህም ሁሉን እንዲያስገባልህ ነው። በአንተና በታንኳው መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ጭቃው ያንሳል። ሁለት ሜትር ከራቅህ አበቃ። ፍላሽ አታብራ፣ ካበራህም ከካሜራው አርቀህ በጎን በኩል አድርገው፣ አለዚያ ፎቶህ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል።

ደግሞ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እንዳትገባ፣ ጉማሬ አለ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ቢልሃርዚያም ቀልድ አይደለም፣ ከገባህ በኋላ ተመርመር።

የታንኳ ወዳጅ (ባሕር ዳር)

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘንገና ዳር፣ ቡናውን ይዤሻለሁ። ጥቁር ክዳን፣ ሳፋው ውስጥ የቢራ ጠርሙስ አስገብቼ ሞከርኩ፣ ጽሑፉ ተነበበ! እናቴ አብዷል ብላኛለች።

ትናንት ማለዳ ገባሁ። ገመዱ ላይ ፎከስ አድርጌ ቆለፍኩ፣ ኤፍ 13፣ አይኤስኦ 1600፣ ከታንኳው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቄ። ወደ 90 አንስቼ 4 ደህና ወጡ። ማዕዘኖቹ አሁንም ለስለስ ይላሉ፣ አንዱ ላይ ምራቁን ረስቼ ጠብታ ቀዛፊው ጆሮ ላይ አርፏል። ግን የደንገሉ ሆድ እያንዳንዱ አገዳ ይቆጠራል፣ ውሃውም አረንጓዴ ሆኖ ነው የወጣው፣ ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ወደድኩት።

ለባለታንኳው በስልኬ አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየ። እንደወደደው ገመትኩ። ከዚያ በጣቱ ወደ ኋላ በኩል ጠቆመኝና "ይቺ እስር በስብሳለች" አለ። ታንኳውን ጎትቶ ሊያደርቀው ዳር አወጣው፣ ቀሪውን ቀን ሥራ የለም።